ጋሽ ነጩን ማንም እንዳይገድለው

ልጄ ሌታ ከቤት ሲወጣ አደራ ያለኝ ላም ወይም መሬት አይደለም። አንድ ሰውዬ እንዳይሞትበት ነው። ሰውየውም የጌም ሰው ነው፣ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ። ሳቁ ግድ የለም፤ እኔም ያኔ ስቄያለሁ። አሁን ግን ያ ሰውዬ አንድ ነገር ቢሆን እኔም በእግሬ የምቆም አይመስለኝም።

ሸዋገነት እባላለሁ። ደርግ እያለ እዚሁ አምቦ መንግሥት ቤት በታይፒስትነት ተቀጥሬ፣ በየደብዳቤው ራስጌ የከተማዋን የያኔ ስም «ሀገረ ሕይወት» ብዬ ጀምሬ «አምቦ» ብዬ ጡረታ ወጣሁ። የጽሕፈት መኪናው በኮምፒውተር ሲለወጥ ወጣቶቹ በሁለት ጣት ፊደል ሲያድኑ እኔ አሥሩንም ነበር የማዘንበው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው፤ ግን ጣቶቼ ኋላ ስለሚያስፈልጉ ነው። ባሌ ፈይሳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሌታ ገና ልጅ ሳለ ነው ያረፈው። ሰፈሩ የሚያውቀኝ ሃደ ሌታ ብሎ ነው፣ የሌታ እናት ማለት ነው። ሸዋገነት ብሎ የሚጠራኝ ባንክ ቤት ብቻ ነው።

ሌታ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሲጠፋ ስልክ መጠገን ጀመረ። እጁ ትንሽ ሳንቲም ሲይዝ ምን ቢገዛ ጥሩ ነው? ያገለገለ ፕሌይስቴሽን። የሰው ልጅ ጫማ ይገዛል፣ የእኔ ልጅ ፕሌይስቴሽን ታቅፎ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ጓደኞቹ ኳስ ይጫወቱበት ነበር። እሱ የያዘው ግን ሌላ ነው፤ ታሪክ ያለው፣ ከመንደር መንደር እየዞሩ ከሰው ጋር የሚያወሩበት፣ መሣሪያ የሚሰበስቡበት፣ ወራት የሚፈጅ ጌም። መጨረሻው ላይ አንድ ሰውዬ ይጠብቃል። ነጭ ጋቢ የመሰለ ነገር ደርቧል፣ ረጅም ጦር ይዟል፣ እስከ ጉልበት ውሃ በገባበት ትልቅ አዳራሽ መሃል ለብቻው ቆሟል። የእንግሊዝኛ ስሙ ለምላስ አይመችም። ልጆቹ ጋሽ ነጩ ነው የሚሉት።

ጋሽ ነጩ ሙዚቃ አለው። ሌሎቹ ጠላቶች ዝም ብለው ይሞታሉ፣ እሱ ግን ጦሩን ሲያነሣ ሙዚቃው አብሮ ይነሣል። መጀመሪያ ከበሮ ነው፣ ከሩቅ የሚመጣ። ቀጥሎ ወንዶች ከሥር ያዜማሉ፣ በምን ቋንቋ እንደሆነ እንጃ። ውጊያው ሲጋጋል ሴቶች ይቀበሏቸዋል። ሰውየው ሲደክም፣ ስክሪኑ አናት ላይ ያለችው የነፍሱ ቀይ መስመር ልታልቅ ስትል፣ ከበሮውም ዘማሪውም ጸጥ ይልና እንደ ማሲንቆ ያለ አንድ ክር ብቻ ይቀራል። ያቺ ክር ብቻዋን ቀስ እያለች ትሄዳለች። ሌታ እዚያ ሲደርስ ትንፋሹን ይውጥ ነበር። «የቤቱ ዜማ» ነው የሚላት።

እኔ መጀመሪያ ጋሽ ነጩ የሌታ ሰው መስሎኝ ነበር። ታዲያስ! በእኛ አገር ዜማ የሚወጣለት ለማን ነው? ለጀግና አይደል? ጦር ይዞ በከበሮ የወጣን ሰው ክፉ ነው ብሎ ማን ያስባል? ከጓዳ ብቅ እያልኩ «በለው ጋሽ ነጩ!» እያልኩ ከርሜ አንድ ቀን ዋቅቶላ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ዋቅቶላ የሌታ የልብ ጓደኛ ነው፣ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያስተምራል። እርስዎ የሚደግፉት እኮ ክፉውን ነው አለኝ። የሌታ ሰው ለካ ያ ጀርባውን ሰጥቶ ውሃ ውስጥ የሚንቦጫረቀው ቀጫጫ ኖሯል። ለእሱ ማንም አላዜመለት።

ክፉ ከሆነ ታዲያ ይህን የመሰለ ዜማ ምን ያደርግለታል ብዬ ጠየቅኩ። ሌታ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ ነገረኝ። ጋሽ ነጩ የአንድ ከተማ በር ጠባቂ ነበር። ውሃ ሲመጣ ሰዉ ሁሉ ሸሸ፤ እሱን «እንመለሳለን፣ አንተ በሩን ጠብቅ» አሉት። ጠበቀ። ማንም አልተመለሰም። ዘመን ሲያልፍ የመጣውን ሁሉ መግደል ጀመረ፣ የመጣው ሁሉ እሱ የሚጠብቀው ሰው ስላልሆነ።

«እና እማ፣ ሙዚቃው የክፋቱ አይደለም» አለኝ፤ «የመጠበቁ ነው።»

እኔም ወጡ እንዳያርብኝ ወደ ጓዳ ተመለስኩ።

ጉዱ ምኑ ላይ ነው፣ ሌታ አይገድለውም። ያቺ ክር እስክትመጣ ድረስ ይታገላል፤ ከመጣች በኋላ መምታቱን ይተውና ዝም ብሎ ይዞራል፣ ይሸሻል፣ ጎንበስ ይላል፣ ዜማውን ይሰማል። ሰውየው ሲወድቅ ሙዚቃው ይቆማላ! ደክሞት ጋሽ ነጩ እስኪወጋው ድረስ ይሰማና እንደገና ከበሩ ይጀምራል። ጎረቤታችን ኦቦ ኤጄታ የባኮን በቆሎ በከባድ መኪና ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር ናቸው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ የሚያወሩት ሞተር እንደተነሣበት ሰው እየጮኹ ነው። በአጥሩ በኩል «ሌታ! ያን ሰውዬ ግደለውና እንረፍ!» ይሉ ነበር። እኔም ከጓዳ አግዛቸዋለሁ። ሌታ እየሳቀ «ነገ» ይላል።

እብደቱ የእሱ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ዓለም ሙሉ አብዷል። ዋቅቶላ ሰዎች ስለዚያ ሙዚቃ ኢንተርኔት ላይ የጻፉትን እያነበበ ይተረጉምልኝ ነበር፣ ከብራዚል፣ ከጃፓን፣ ከፖላንድ። አንዱ እናቱ የሞተች ሰሞን እሱን ብቻ ሲሰማ ከርሟል። አንዷ በሰርጓ ቀን አስመትታዋለች፤ አበስኩ ገበርኩ፣ የክፉ ሰው ዜማ በሰርግ! ሌላው ደግሞ እኔም አልገደልኩትም፣ እዚያው እንደቆመ ትቼው ዘጋሁት ብሏል። ሌታ ይህን ሲሰማ ወንድሙን ያገኘ ይመስል ደስ አለው። የስልክ ጥሪውንም ያን ዜማ አደረገ፣ ዋቅቶላም እንደዚያው፣ ከዚያ የሰፈራችን ባጃጅ ሾፌሮች ተቀበሏቸው። ገበያ መሃል ያ ከበሮ ከሰው ኪስ ሲነሣ መስማት ለመድኩ።

ከዚያ ሌታ ወደ ሱዳን ሄደ። ካርቱም ስልክ የሚጠግን ሰው ይፈለጋል ብሎ ጓደኛው ጠራው። አልቅሼ ለመንኩት፣ እምቢ አለ፤ ልጅ አድጎ ሥራ ሲያጣ እናት ምን አፍ አላት? የሄደ ዕለት ጠዋት ሻንጣውን በር ላይ አቁሞ ተመለሰና ማሽኑን በመዳፉ ነካ አደረገው።

«እማ፣ አደራ» አለኝ። «ጋሽ ነጩን ማንም እንዳይገድለው። ስመለስ እኔ ነኝ የምጨርሰው።»

እየሳቅኩ ሂድ ወዲያ አልኩት። እሱ ግን አልሳቀም። ይህ ጌም ሰውየውን ከገደሉት ያንኑ ጊዜ ራሱ ይመዘግበዋል፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ዋቅቶላ ኋላ ኮፒ ሊያደርገው ሞክሮ ማሽኑ እምቢ ብሎታል። የሌታ ጋሽ ነጩ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የእኔ ሳሎን ውስጥ ነው ያለው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይላሉ፤ ጥልፍ ጨርቅ አልብሼ ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጥኩት።

እሑድ እሑድ ይደውል ነበር፣ ረስቶ አያውቅም። ስለ ደመወዙ ይዋሸኛል፣ ስለ ወገቤ እዋሸዋለሁ፣ መጨረሻ ላይ «እሱስ ደህና ነው?» ይለኛል። «ቆሟል» እለዋለሁ። በ2015 የፋሲካ ዋዜማ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። በዓሉን ስልኩን ጉያዬ ውስጥ አድርጌ ዋልኩ። ዶሮው ቀዘቀዘ፣ ስልኩ አልጮኸም። የሚቀጥለውም እሑድ አልጮኸም። በመተማ ከተመለሱት ልጆች አንዱ ወደ ገዳሪፍ ሲሄድ አየሁት አለ፣ አንዱ ወደ ፖርት ሱዳን ነው አለ፣ አንዱ ደግሞ ዓይኔን ማየት ፈራ። ሁለቱን አመንኩ። ያንን ልጅ ግን እስከ ዛሬ አላመንኩትም።

ዓመት ሲያልፍ ሰፈሩ መንሾካሾክ ጀመረ። ሁለተኛው ዓመት ሲጋመስ ኦቦ ኤጄታ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። የእድራችን ዳኛ ናቸው። ሰው ሩቅ አገር ቀርቶ ሬሳው ሳይገባ ሲቀር ድንኳን ተጥሎ ይለቀስለታል፣ እርም ይወጣል፣ ቤተሰቡም ቁርጡን አውቆ ይቀመጣል። ኦቦ ኤጄታ ጴንጤ ናቸው፣ ተዝካር ምናምን አይወዱም። ሆኖም መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተናገሩ።

«ሃደ ሌታ፣ እርምሽን አውጪ። ሰው ይቀመጥልሽ፣ ያልቅስልሽ። እንዲህ ተንጠልጥለሽ እስከ መቼ?»

በክፋት አልነበረም፣ አውቃለሁ። ሌታን ብስክሌት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ልጄ ሲሞት እኔ እነግርዎታለሁ፣ አሁን ሻይዎን ይጨርሱ አልኳቸው። ሳይጨርሱ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት በበሬ ስታልፍ ባየሁ ቁጥር ነገር ፈልጌ እናከስ ነበር። የእድሩ ሴቶች መጡ፣ አባረርኳቸው። የፈይሳ እህት ከጉደር ድረስ መጣች፣ ሳትቀመጥ መለስኳት። አንድ ቀን ሳሎኑን ስጠርግ መጥረጊያውን ይዤ ቆምኩና ሸዋገነት፣ አሁን አንቺ ከጋሽ ነጩ በምን ትሻያለሽ አልኩ። በር ላይ ቆሜ የመጣውን ሁሉ እወጋለሁ፣ የመጣው ሁሉ ሌታ ስላልሆነ።

ያን ዕለት ዜማው ናፈቀኝ። ላንጎራጉረው ሞከርኩ። ከበሮው አለ፣ ወንዶቹ አሉ፣ ሴቶቹም አሉ። ያቺ ክር ግን የለችም። ደግሜ ጀመርኩ፣ እዚያው ስደርስ ባዶ ነው። ደነገጥኩ። ምክንያቱም ሌታ ትንፋሹን ሲውጥ የምሰማው በእሷ ውስጥ ነበር፤ እሷ ከጠፋች እሱም እየራቀ ነው ማለት ነው። የልጄ ድምፅ ከጆሮዬ ሊወጣ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በር ዘግቼ።

ዋቅቶላን ጠራሁት። ምን ችግር አለው ብሎ ስልኩን አወጣና ሙዚቃውን ከፈተልኝ፣ በትልቅ ኦርኬስትራ የተቀዳውን። ሰማሁት። ታጥቦ ተተኩሶ የወጣ ነገር ነው። ከበሮው ገባ፣ ወንዶቹ ገቡ፣ ሴቶቹ ገቡ፣ ክሯ እንኳ ሰዓቷን ጠብቃ ገብታ ወጣች፣ አለቀ። ውሃው የለበትም። የጦሩ ድምፅ የለበትም። የሌታ ጣት ቁልፍ ላይ ሲንኳኳ የለበትም። እኛ ቤት ያቺ ክር በሰዓት አትመጣም ነበር፤ የሚታገላት ሰው ሲኖር ነው የምትመጣው፣ የሚሸሽ ሰው እስካለ ድረስ ነው የምትቆየው።

«ይሄ የሰርግ ሲዲ ነው» አልኩት። «የእኔን ክፈትልኝ።»

ዋቅቶላ ፊቱ ተለወጠ። ከከፈትነው ሰው መታገል አለበት፣ እኔ ደግሞ ከያዝኩት እጄ ፈጣን ነው፣ በስህተት እገድለዋለሁ አለ። የሌታን አደራ እሱም ያውቃል። እሱ ፈርቶ እንደማይነካው ሲገባኝ እኔ እይዘዋለሁ አልኩ። ሳቀ። ሳልስቅ አየሁት። ሳቁን ዋጠ።

እንዲህ ሆኖ በስተርጅና ጆይስቲክ ጨበጥኩ። ዋቅቶላ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ያስተምረኝ ጀመር። ይህ ቁልፍ መሸሻ ነው፣ ይህ መከላከያ ነው፣ ይቺ ቀይዋ መምቻ ናት። መነጽሬን አድርጌ ከሌታ ቦታ፣ ከሶፋው ጥግ ተቀመጥኩ። በሩ ተከፈተ፣ ጋሽ ነጩ ጦሩን አነሣ፣ ከበሮው ሁለቴ ሳይመታ ሞትኩ። ስትሞት ሙዚቃው እንደ መብራት ድርግም ይላል። ደግሜ ገባሁ፣ ደግሜ ሞትኩ። ዋቅቶላ በጨዋ ደንብ ያደገ ልጅ ነውና «ሞቱ» ማለት ከብዶት «እትዬ፣ አረፉ» እያለ በአክብሮት ይቀብረኝ ነበር። በዚያ ላይ ወንዶቹ ሊያዜሙ ሲሉ መብራት ይሄዳል። ሰፈሩ እንዳይሰማና ሸዋገነት አበደች እንዳይባል ድምፁን ዝቅ አድርገን ነው የምንጫወተው።

ግን ጣቴ ጣት ነው። አለቃ እየተናገረ ስጽፍ የኖርኩ ሰው የጋሽ ነጩ ጦር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አያቅተኝም። ክረምቱ ሲገባ ወንዶቹ ላይ ደረስኩ፣ ክረምቱ ሲወጣ ሴቶቹ ላይ። ሰውየውን እያወቅኩት መጣሁ። ከመውጋቱ በፊት ትከሻውን ዝቅ ያደርጋል፣ የደከመ ሰው እንደሚያደርገው። አንዳንዴ እየሸሸሁ አንጀቴን ይበላው ነበር።

አንድ ቅዳሜ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሊተረትብኝ ነበር። ቀይ መስመሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እጄ በራሷ ተነሣች። በጽሕፈት መኪና ጊዜ መስመር ሲያልቅ ደወሏ ቅጭል ትላለች፣ ያኔ እጅ ማንንም ሳታስፈቅድ መትታ መኪናዋን ወደ አዲስ መስመር ትመልሳለች። ያን ሁሉ ዘመን የመታች እጅ የሚያልቅ መስመር ስታይ አትችልም። ቀይዋን ቁልፍ ልትመታ ስትል ዋቅቶላ ጆይስቲኩን ከእጄ መነጨቀው፣ ጋሽ ነጩም ወጋኝ። ሁለታችንም ላብ አጥምቆን ተያየን። ለሦስት ሳምንት ጨርቁን ሳላነሣ ቆየሁ። አደራ በልቼ የልጄን ዓይን እንዴት አያለሁ? ግን ናፍቆቱ አላስቀምጥ አለኝ፤ የጥርስ ሕመም ቢሆን ይነቀላል።

እና ያ ቅዳሜ መጣ። ዋቅቶላ ሌታ ትቶት የሄደውን ትልቁን ስፒከር ጠግኖ ይዞ መጣ፤ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ሻክሯል፣ ያቺን አንድ ክር በእሱ አይሰሟትም አለኝ። ጎረቤት አይረበሽም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያን ሁሉ ዓመት ችሎ የለ፣ ዛሬም ይቻለው አልኩት።

ከበሮው ሲመታ የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ጋሽ ነጩ ጦሩን አነሣ፣ ሸሸሁ። ወንዶቹ ገቡ። መታሁት፣ ተከላከልኩ፣ ውሃው ተንቦጫረቀ። ሴቶቹ ገቡ። ቀይ መስመሩ አጠረ፣ አጠረ፣ ዋቅቶላ ቀስ ይበሉ እትዬ፣ አንዴ ብቻ፣ አሁን ያቁሙ አለኝ። አቆምኩ። ሁሉም ጸጥ አለ።

መጣች።

ረስቻት አልነበረም። መንገዷን ነው የረሳሁት እንጂ፣ ስትመጣ አወቅኳት። በእሷ ውስጥ ሌታ ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁ፣ «ነገ» ሲል ሰማሁ፣ ከጓዳ ስጠራው እሺ እማ እያለ ሳይነሣ ሲቀር ሰማሁ። ልጄ ናፈቀኝ። እንዲሁ እንደዋዛ አይደለም፤ አጥንቴ ድረስ ናፈቀኝ። ዓይኔ ሞልቶ ስክሪኑ ጠፋብኝ፣ ዋቅቶላ ወደ ግራ፣ አሁን ወደ ኋላ እያለ በአፉ ይመራኝ ነበር። እየሸሸሁ ሰማኋት። ትሂድ፣ አትቁም አልኩ።

የግቢው በር ተበርግዶ ሲከፈት ሰማሁ። የሚሮጥ ሰው ኮቴ መጣ። የሳሎኑ በር ተገፋና ኦቦ ኤጄታ ገቡ። አንድ እግራቸው በነጠላ ጫማ ነው፣ አንዱ ባዶ። ከኋላቸው ባለቤታቸው ዱረቲ አሉ፣ እጃቸው ሊጥ እንደነካ፣ እልልታው ጉሮሯቸው ላይ ደርሶ።

«ሌታን ገሌ?» አሉ ኦቦ ኤጄታ። ሌታ ቤቱ ገባ ወይ ማለታቸው ነው።

ዓይናቸው የሄደው ወደ ሶፋው ጥግ ነው። እዚያ ያገኙት እኔን ነው፣ መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ ጥዬ፣ ጆይስቲክ ጨብጬ፣ በእንባ የታጠብኩ አሮጊት። ዋቅቶላ አልመጣም ለማለት ራሱን ነቀነቀላቸው። ዱረቲ እልልታቸውን በሊጣም መዳፋቸው አፈኑት። ኦቦ ኤጄታ የበሩን መቃን ይዘው ቀሩ፣ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። የደስታ ፊት ሰው ላይ እንዲህ ሲፈርስ አይቼ አላውቅም።

ያኔ ገባኝ። እርምሽን አውጪ ያሉኝ ሰው እርማቸውን አላወጡም። አንድ ከበሮ ሲሰሙ ጫማቸው ወልቆ እስኪቀር የሮጡት ልባቸው አምኖ ስላልቀበረው ነው። እኔ ብቻዬን በር ላይ የቆምኩ መስሎኝ ነበር። ለካ አጥሩ ማዶም ሰው ቆሟል።

ጣቶቼ መሸሻውን እየነኩ ነው፣ ክሯ እየሄደች ነው። ቀይ መስመሩ የቀረችው እንደ ጥፍር ነው። ኦቦ ኤጄታ ወደ ስክሪኑ ዞሩና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየውን አዩት፣ ያን ሁሉ ዓመት በአጥር በኩል ሞቱን ሲለምኑበት የኖሩትን። ትከሻው ዝቅ ሲል አዩ። እጄም ያቺን የምታልቅ መስመር አይታ መነሣት ስትጀምር አዩ።

«አትግደይው» አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፣ እንዲህ ማውራት እንደሚችሉም አላውቅም ነበር። «አትግደይው ሃደ ሌታ። ልጁ ይምጣና ይጨርሰው።»

እጄ ተመለሰች። ኦቦ ኤጄታ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ዱረቲ ሶፋው ጠርዝ ላይ አጠገቤ። እኔ ስሸሽ፣ ጋሽ ነጩ ሲከተለኝ፣ አራታችንም ያቺን ክር ሰማናት። ክንዴ እስኪዝል ያዝኳት። ሲዝል ጆይስቲኩን ቀስ ብዬ ጭኔ ላይ አኖርኩት፣ ጋሽ ነጩም መጥቶ ወጋኝ። ሙዚቃው ቆመ። ዋቅቶላ ዛሬ «አረፉ» አላለኝም። ማሽኑን አጠፋው፣ እኔም ጥልፉን መልሼ አለበስኩት።

ልሸኛቸው ስወጣ ኦቦ ኤጄታ ያንዱን እግር ጫማ ግቢው ውስጥ ፈልገው አጥሩ ሥር አገኙት። ጎንበስ ብለው ሲያጠልቁት ፊታቸውን አላሳዩኝም።

«ሁለተኛ ስትከፍቺው አስቀድመሽ ንገሪኝ» አሉ። «እንዲህ ያለውን ልቤ አይችልም።»

እሺ አልኳቸው። ቀጥሎ ደግሞ የሚፈራውን ነገር ጠየቅኩ። «እሱ የመጣ ዕለትስ?»

ቀና አሉና ወደ መስኮቴ አዩ።

«ያን ዕለት አትንገሪኝ» አሉ። «እሰማዋለሁ።»